ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ፦ የፕሮፌሰር ታዚን ጃፋር ጥናቶች ስለ ደም ግፊትና ኩላሊት ምን ያስተምሩናል?



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ወደ ቤተሰብ በሄድኩበት ጊዜ አክስቴን ልጠይቃት ጎራ አልኩ። ቡናው እስኪፈላ ስንጫወት ከመደርደሪያው ላይ የኪኒን እሽግ ዓይኔ ገባ። ኢናላፕሪል ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት። የአንድ ወር ተብሎ የተሰጣት ሦስት ወር አልፎት ግማሹ እንኳ አልተነካም።

«አክስቴ፣ ይሄን ለምን አትወስጂውም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሲያመኝ እወስደዋለሁ። ደህና ስሆንማ ምን ብዬ ልዋጥ? ደግሞ መድኃኒት ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል ይባላል» አለችኝ፤ ሲኒውን እያቀበለችኝ።

እኔም የጤና ተማሪ ተብዬ ወዲያው የሚያረካ መልስ አጣሁላት። ሁለቱም ነገር ከብዙ እናትና አባቶቻችን አንደበት የሚሰማ ነው። የመጀመሪያው፣ ካላመመ መድኃኒት አያስፈልግም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኪኒኑ ራሱ ኩላሊት ይጨርሳል የሚል ነው። ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ጉዳዩን ሳነብ አንድ ስም ደጋግሞ አገኘሁ፤ ፕሮፌሰር ታዚን ጃፋር። ከፓኪስታን የተገኙ የኩላሊት ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። በካራቺው አጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል፤ ከዚያም በሲንጋፖር በሚገኘው ዱክ-ኤንዩኤስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራቸውን ቀጥለዋል። ከዋና ዋና ጥናቶቻቸው መካከል የመጀመሪያዎቹ የአክስቴን ሁለተኛ ጥርጣሬ፣ የኋለኞቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ይመልሳሉ። በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እንመለከታቸዋለን።

ሦስቱ ሕመሞች እንዴት ተያያዙ?

ስለ ጥናቶቹ ከማውራታችን በፊት ኩላሊት ምን እንደሚሠራ ባጭሩ እናስታውስ። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅል ነው። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ማጣሪያዎቹ በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባና አንድ ወይም ሁለት ሊትሩ ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ጨውን፣ ውኃንና የደም ግፊትን የሚያመዛዝነውም ይኸው አካል ነው።

እንግዲህ ደም በከፍተኛ ግፊት ዘወትር ሲገፋቸው እነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ይደድራሉ፤ ይጠባሉ። በስኳር ሕመም ደግሞ በደም ውስጥ የበዛው ስኳር የማጣሪያውን ግድግዳ ያወፍረዋል፤ ያበላሸዋል። ጤነኛ ማጣሪያ አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ሽንት አያሳልፍም። የተጎዳው ግን ያሾልካል። የሾለከው ፕሮቲንም በተራው ኩላሊቱን ይበልጥ ይጎዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የተጎዳ ኩላሊት ጨውና ውኃ በሚገባ ስለማያስወጣ፣ የደም ሥርን የሚያጠብቁ ቅመሞች እንዲበዙም ስለሚያደርግ፣ የደም ግፊትን መልሶ ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ኩላሊቱ ግፊቱን ይጨምራል። አዙሪት ነው። በዓለም ዙሪያ ለዘለቄታዊ የኩላሊት ድክመት ቀዳሚዎቹ ሁለት ምክንያቶች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት የሆኑት በዚህ የተነሳ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዝምታው ነው። ከማጣሪያዎቹ ብዙዎቹ ሞተው እንኳ የቀሩት ሥራውን ደርበው ስለሚሠሩ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። እግር ማበጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ ነው። ስለዚህ «ሲያመኝ» ብሎ መጠበቅ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ እንደመድረስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ኩላሊትን ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል?

እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በእነ ኤድመንድ ልዊስ የተሠራ ጥናት፣ ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ኩላሊት ከድክመት እንደሚጠብቅ አሳይቶ ነበር። ካፕቶፕሪል የአክስቴ ኢናላፕሪል ወንድም ነው፤ ሁለቱም ኤሲኢ አጋጆች ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ናቸው። ስኳር ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው ለታመመ ሰዎችስ ይሠራል? በዚህ ላይ በየቦታው የተሠሩት ጥናቶች ትናንሽ ስለነበሩ ውጤታቸው አንድ መልስ ላይ አላደረሰም።

ታዚን ጃፋርና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት፣ የየጥናቶቹን መደምደሚያ ብቻ ከመሰብሰብ ይልቅ፣ የእያንዳንዱን ታካሚ መረጃ አንድ ላይ አምጥቶ እንደገና መተንተን ነበር። ከ11 ጥናቶች የ1,860 ታካሚዎችን መረጃ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። ኤሲኢ አጋጅ ካልወሰዱት መካከል በክትትሉ ጊዜ ኩላሊታቸው ፈጽሞ ሥራ ያቆመው 11.6 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከወሰዱት መካከል 7.4 ከመቶ ነበሩ። በቀላል አነጋገር ከ100 ታካሚ ውስጥ አራት ያህሉ ከእጥበት ወይም ከንቅለ ተከላ ተርፈዋል ማለት ነው። ጥቅሙ ግፊት በመቀነሱ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በሽንት ብዙ ፕሮቲን በሚያሾልኩ ታካሚዎች ላይም ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ከዚሁ መረጃ ሌላ ጥያቄ አነሱ፤ ግፊቱ እስከ ስንት ዝቅ ይበል? ዝቅተኛው አደጋ የታየው የላይኛው ግፊት ከ110 እስከ 129 በሆነበት ክልል ነበር። ከ110 በታች ሲወርድ ግን የኩላሊት ድክመቱ አደጋ ተመልሶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ «በወረደ ቁጥር ይሻላል» ማለትም አይቻልም፤ ልክ አለው።

መድኃኒቱ ኩላሊትን የሚጠብቀው እንዴት ነው? እያንዳንዱ ማጣሪያ የደም መግቢያና መውጫ ሥር አለው። አንጂዮቴንሲን የሚባለው ቅመም መውጫውን ስለሚያጠብበው በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጫና ይጨምራል። ኤሲኢ አጋጅ ይህ ቅመም እንዳይሠራ ስለሚከለክል መውጫው ይላላል፤ ጫናው ይቀንሳል፤ የፕሮቲኑም መሹለክ አብሮ ይቀንሳል። የአክስቴ ጥርጣሬ እዚህ ላይ መልሱን አገኘ። ኩላሊት ይጎዳል ብላ ያስቀመጠችው ኪኒን ኩላሊት ጠባቂ ነው።

ነገር ግን ጥርጣሬዋ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በእርግጥ ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይ ቀድሞ በተጎዳ ኩላሊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተሩ አደጋ ያመጣሉ። ብዙ ሰው ከመድኃኒት ቤት ሄዶ እንደ ከረሜላ የሚገዛቸው ግን እነዚህኑ ነው። ኢናላፕሪልም ቢሆን ክትትል ይፈልጋል። ከተጀመረ በኋላ ሐኪሙ የክሬአቲኒንና የፖታሲየም ምርመራ ያዛል፤ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። እርጉዝ ሴት ልትወስደው አይገባም፤ ለፅንሱ ጎጂ ነው። ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው ማካፈልም ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ካለ ሰው ለምን አይድንም?

ጠቃሚ መድኃኒት መኖሩ ከታወቀ፣ ዋጋውም ርካሽ ከሆነ፣ የቀረው ቀላል መስሎ ይታያል። ግን አይደለም። መድኃኒቱ በመጽሐፍ ላይ መኖሩና በአክስቴ ሆድ ውስጥ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮፌሰሯ ወደ ካራቺ ሲመለሱ ያነሱት ጥያቄ ይኸው ነበር።

በካራቺ 12 ሠፈሮች ውስጥ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የደም ግፊት ያለባቸው 1,341 ሰዎች በጥናቱ ታቀፉ። ሠፈሮቹ በዕጣ በአራት ተከፈሉ። በአንደኛው ምድብ የሠለጠኑ የሠፈር ጤና ሠራተኞች በየሦስት ወሩ ወደ ቤት እየሄዱ ለመላው ቤተሰብ ስለ ጨው፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና መድኃኒትን ሳያቋርጡ ስለመውሰድ አስተማሩ። በሁለተኛው ምድብ የአካባቢው ሐኪሞች ብቻ ስለ ደም ግፊት አያያዝ ሥልጠና ተሰጣቸው። በሦስተኛው ሁለቱም ተደረጉ። በአራተኛው ከተለመደው የተለየ ነገር አልተደረገም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ታተመ። ሁለቱም በተደረጉበት ምድብ የላይኛው ግፊት በአማካይ በ10.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቀነሰ። በቀሩት ሦስት ምድቦች የቀነሰው በየፊናቸው 5.8 ነበር። ልብ በሉ! ቤተሰብን ብቻ ማስተማር፣ ምንም ካለማድረግ አልተሻለም። ሐኪምን ብቻ ማሠልጠንም እንዲሁ። ልዩነት ያመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ቁጥሮቹ ምክንያቱን በቀጥታ አይናገሩም፤ ግን ማሰብ ይቻላል። ቤቱ ተምሮ ሐኪሙ ካልተዘጋጀ፣ እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ የማያስተካክል መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ቤቱ ካላወቀ ደግሞ ትክክለኛው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ እንደ አክስቴ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው ነው።

ከከተማ ወደ ገጠር

ይህ በአንድ ትልቅ ከተማ የታየ ነገር በገጠርም ይሠራል? ቀጣዩ ጥናት በባንግላዴሽ፣ በፓኪስታንና በስሪላንካ ገጠሮች በሚገኙ 30 ማኅበረሰቦች ውስጥ የተካሄደ ሲሆን 2,645 የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። በዚህኛው ለጥናቱ ተብለው የተቀጠሩ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ቀድሞውኑ በመንግሥት ተመድበው እናቶችንና ሕፃናትን የሚከታተሉት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ናቸው ሥራውን የሠሩት። በየሦስት ወሩ ቤት ለቤት እየሄዱ ግፊት ይለካሉ፤ ይመክራሉ፤ ግፊቱ ከፍ ያለበትን ወደሠለጠነ ሐኪም ይልካሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ይህ አገልግሎት በተሰጠባቸው ማኅበረሰቦች የላይኛው ግፊት በአማካይ በ9.0፣ ባልተሰጠባቸው በ3.9 ቀነሰ። ግፊታቸው ከ140/90 በታች የሆነላቸው በመጀመሪያዎቹ 53.2 ከመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 43.7 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። አገልግሎቱን ለማስፋፋት ለአንድ ታካሚ በዓመት ከ11 የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ወጪ እንደሚበቃም ተገምቷል።

የአምስት ነጥብ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉ የመድኃኒት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ግን የላይኛው ግፊት በ5 ሲቀንስ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ፣ ማለትም እንደ ስትሮክና የልብ ድካም ያለው፣ በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለአንድ ሰው የማይታወቅ ነገር ለአንድ ወረዳ ሕዝብ ብዙ ነፍስ ነው።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን፣ አገልግሎቱን ካገኙትም መካከል ከግማሽ ትንሽ ያነሱት ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ አልወረደም። በየሦስት ወሩ የሚመጣ እንግዳ ብቻውን ሁሉን ነገር አይፈታም። መድኃኒት ሊጠፋ ይችላል፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ይቸግራል፤ ሰውም ይሰለቻል።

ይህ እኛን ምን አገባን?

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ቅኝት ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አገልግሎቱ በትልልቅ ከተሞች ተወስኗል፤ ወጪውም ቤተሰብን ያራቁታል። በመስጂዶቻችን በር ላይና በስልኮቻችን ላይ «ለኩላሊት ታማሚ ወንድማችን» እየተባለ ስንት ጊዜ ሰደቃ እንደተሰበሰበ እናውቃለን። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ግን ለጋሽ ይፈልጋል። የሚያዋጣው እዚያ ከመድረስ በፊት መያዝ ነው።

እኛም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። በጥናቱ የተሳተፉት የሦስቱ ሀገሮች ሠራተኞች ከእነርሱ ጋር ይመሳሰላሉ። መንገዱ ያለ ነው ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በቤታችን እንደሚሰማ ሰው ነን። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ለማድረግ የጤና ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ወላጆቻችን ግፊታቸውን ተለክተው ያውቁ እንደሆነ እንጠይቅ። ካወቁ ቁጥሩን እንጠይቅ። «ደህና ነው አሉኝ» በቂ መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ከሆነ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ክሬአቲኒንና የሽንት አልቡሚን ምርመራ እንዲያደርጉ እንምከር። ዝምተኛውን ሕመም የሚያናግሩት እነዚህ ሁለት ምርመራዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህ ወጡ ውስጥ የገባውንም ይጨምራል።

አራተኛ፣ መድኃኒት ሲያልቅ ሐኪሙ አቁሙ እስካላለ ድረስ ሕክምናው አላለቀም። ግፊቱ ተስተካከለ ማለት መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ስለ ረመዳን አንድ ቃል

ይህ ጉዳይ በየዓመቱ በየቤታችን ይነሳል። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ለታመመ ሰው የፈቀደው ሩኽሷ የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙ ወላጆቻችን ሐኪምንም ዓሊምንም ሳይጠይቁ ይጾማሉ፤ ወይም መድኃኒታቸውን ወሩን ሙሉ ያቆማሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ኩላሊታቸው በጣም የደከመ፣ እጥበት ላይ ያሉ፣ ስኳራቸው የሚዋዥቅ ሰዎች ከፍተኛ አደጋ ላይ ናቸው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል። ሌሎች ደግሞ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር አስተካክሎላቸው በሰላም ሊጾሙ ይችላሉ። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። እየጾሙ ሳለ ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት እንደሚያስፈልግ ዓለም አቀፉ የሐኪሞች መመሪያ ይናገራል። ሰውነት አማና መሆኑን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ናቸው ያስተማሩን፤ እናስታውሳቸው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላትና ስለ ማጣሪያው፣ ስለ መግቢያና መውጫው እንደገባኝ ነገርኳት። ረጅም ዝምታ ካለፈ በኋላ «እና ይሄ ኪኒን ለኩላሊቴ ነው በለኛ!» አለችኝ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ልትወስደው ተስማማን። ግን የካራቺው ጥናት እንደሚለው የእኔ ስልክ ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ የአጎቴን ልጅ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ እንዲወስዳትና የተለካውን ቁጥር እንዲነግረኝ አደራ ብዬዋለሁ። ቁጥሩን እየጠበቅኩ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትደውሉ ስለ ፈተናና ስለ ገንዘብ ከማውራታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ግፊትሽ ስንት ነበር፣ እማ?» አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ወላጆቻችንን በዓፊያ ያቆይልን። አሚን።